የባሕር እሾህ

ጥላዬ ገመዱን ወገቤ ላይ ሲያስር
ዘንድሮ ዝም አለ፤ አምና ግን ይል ነበር፦
«ለአንድ እሾህ ብለህ ነው ይህ ሁሉ መከራ?
አህያ የሚግጠው ሞልቷል በየጎራ!»

አልመልስለትም። ኅዳር በየዓመቱ
ከለሚ አፋፍ በታች፣ ጀማ ከነሙቀቱ
ሽቅብ ሲተነፍስ፣
እግሬን ነጩ ድንጋይ ላይ ቀስ፣
ደግሞ ቀስ።
ኖራ ነው ገደሉ፤ ጫማ ያነጣል፣
ላብ ሲነካው ደግሞ እንደ ቅርፊት ይላጣል።

እሷም እዚያው ናት። ስንጥቅ ናት ርስቷ፤
ጉም ነው ቀለቧ፣ አሞራ ጎረቤቷ።
ቅጠሏ መጋዝ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ወስፌ፤
ስንት ዓመት ቆጠርኳት በደም ጣቴ ጽፌ።
አናቷ ላይ ግና አንድ ክብ አበባ፣
ከሰማያዊ ተነሥቶ ሐምራዊ ላይ የገባ፤
አንዲት ንብ ሰክራበት፣ መውጫው ጠፍቷት
ስትዞር አየሁ። አልነካኋት።

ስሟን የነገሩኝ እሜቴ አስካለች ናቸው፣
ከአፋፉ ጫፍ ላይ ነው የሣር ክዳን ቤታቸው።
«የባሕር እሾህ ናት» አሉኝ፣ ምስር እየለቀሙ።
«ባሕር አይተው ያውቃሉ?»
ጠጠሯን ጣሉና ደገሙ፦
«እኔ የጀማን ሙላት ነው ያየሁ፤ ባሕርማ ማን አይቶ?
ስሙ እኔን ቀድሞኝ ነው የመጣ፣ ከአያቶቼ ዘንድ ሰንብቶ።»

ሳቅሁ በልቤ።
ከዚህ እስከ ምጽዋ ስንት ተራራ አለ፣ ስንት በረሃ!
ሰው መቼም ስም ሲያወጣ አይሰፍርም ውሃ።

በዓመቱ፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ ሥሯን ስዳብስ
ጥፍሬ አንድ ነገር ነካ፤ ጥምዝምዝ፣
እንደ ሕፃን ጆሮ ልስልስ።
ዛጎል።
ከጎኑ ሌላ፤ ከሥሩ ሌላ፤ ግድግዳው በሙሉ
ዛጎል በዛጎል ላይ፣ ድንጋይ ለብሰው ያሉ።
ለካ ዳርቻ ላይ ነው የቆምኩት። ውሃው ተነሥቶ ሄደ፣
ከሄደም በኋላ ቁጥር የማይዘው ዘመን ነጎደ፤
እሷ ግን አልሰማችም መሰለኝ።
ማን ይንገራት? አፌን ከፈትኩና ጨነቀኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ።
መጀመሪያ ስቆጥር አሥራ ሁለት ነበሩ።
አሥራ ሁለተኛዋን ጭላዳ አልበላት፣ ናዳም አልወሰዳት፤
እኔ ነኝ ከነሥሯ የነቀልኳት።
በአሮጌ ጋዜጣ፣ በሁለት ጣውላ መሐል ተጨምቃ
አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ትገኛለች፣ ሐምራዊዋ አልቃ።
ከግርጌዋ በእጄ ጽሑፍ «እጅግ ብርቅ» ይላል።
ብርቅ ያደረጋትስ ማን ይባላል?

ዘንድሮ ከአፋፉ ጀምሮ ቁልቁል ቀይ ቀለም ወርዷል፦
ቁጥር፣ ቀስት፣ መስቀል።
ድንጋዩ ሊፈጭ ነው፤ ሲሚንቶ ሊሆን ነው።
የጥላዬ ልጅ መሰርሰሪያ ይዟል፤ ደመወዙ ጥሩ ነው፤
ለአባቱ የብሎኬት ቤት ጀምሮለታል።
ምን ልበለው? የእኔስ ግድግዳ ከምን ተሠርቷል?

አንዱ ቀስት ብቻ፣ አምስተኛዋ ዘንድ ሲደርስ
ታጥፎ፣ ዞሯት ያልፋል።
ቀቢው እሾኋን ፈርቶ ይሁን፣ ወይ አዝኖላት፣
ቀለም አይናገርም። እኔም አልጠየቅሁለት።

«ስንት ናቸው?» አለ ጥላዬ ከላይ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ።
«አሥራ አንድ።»
«ሁሉም?»
«ሁሉም።»
ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ሳበኝ፣ ክንድ በክንድ።

አፋፉ ላይ ስወጣ፣ እጅጌዬ ላይ፣ ከአምናዋ ደረቅ ራስ
አንዲት ዘር ተጣብቃ አየሁ፤ ላባ ያላት፣ ከትንፋሽ የምታንስ።
ላራግፋት እጄን አነሣሁና
ተውኩት።
ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ፣ ሞኝ መስዬ፣
ንፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ሳይ።
«ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ ጥላዬ።
ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለ፤
እሱም አጠገቤ ቆመ።